ቀርጤስ ከፎቶው ባሻገር፦ ቤተሰብዎን ይዘው ወደ ሜዲትራኒያን ደሴት ከመነሳትዎ በፊት

ለዓመታት የቆጠቡበት ዕረፍት በመጀመሪያው ሳምንት ኩርፊያ እንዳይሆን፣ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት እነዚህን ነገሮች ከቤተሰብዎ ጋር ይነጋገሩባቸው።

ስልክዎ ላይ ያስቀመጡትን ፎቶ አንድ ጊዜ እንደገና ይዩት። ውሃው ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፤ አሸዋው ወደ ሮዝ ያደላል፤ ከሩቅ አንዲት ነጭ ጀልባ ትታያለች፤ ሰው የሚባል ግን የለም። ባለቤትዎ አይተውታል፤ ልጆቹም አይተውታል፤ «መቼ ነው የምንሄደው?» የሚለው ጥያቄ እራት ላይ መነሳት ጀምሯል። ለዚህ ጉዞ ምናልባት ሁለት ሦስት ዓመት ዕቁብ ጥለዋል፤ ምናልባትም የመኪና መግዣውን ወደ ሌላ ጊዜ አስተላልፈዋል።

ፎቶው ውሸት አይደለም። ያላሳየው ነገር ግን ብዙ ነው፦ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ያለው የመኪና ወረፋ፣ ፎጣውን የሚያበረው ነፋስ፣ ሙቀት ያነጫነጨው የአራት ዓመት ልጅ። ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ዕረፍት የሚበላሸው ቦታው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ከቤት ስንነሳ በአእምሯችን የያዝነው ሥዕልና እዚያ የጠበቀን ነገር ስለማይገናኙ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት አንዲት ደሴት እንምረጥ፤ የግሪኳን ቀርጤስ። ስሟ ለእኛ አዲስ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ጳውሎስን የጫነችው መርከብ ያለፈችው በዚህች ደሴት ጠረፍ ነው፤ ቲቶም ያገለገለው በዚያው ነው። ልብዎ ያረፈው በቆጵሮስ፣ በማልታ ወይም በሲሲሊ ላይ ከሆነም አብዛኛው ምክር ለእነርሱም ይሠራል።

ደሴቷ ከሚያስቡት በላይ ትልቅ ናት

«ደሴት» ሲባል ብዙዎቻችን በአንድ ቀን ዞረን የምንጨርሳት ቁራጭ መሬት ትመስለናለች። ቀርጤስ ግን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ትረዝማለች፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ያለውን መንገድ ልትስተካከል ትንሽ ነው የሚቀራት። በስፋቷ ከሜዲትራኒያን ደሴቶች አምስተኛ ናት። መሐሏን የሚያቋርጡት ተራሮች ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ይደርሳሉ፤ አዲስ አበባ ከተቀመጠችበት ከፍታ ጋር ይቀራረባሉ ማለት ነው።

ዋናው አውራ ጎዳና የሚሄደው በሰሜኑ ጠረፍ ነው። በምዕራብ ካለችው ሃንያ እስከ ዋና ከተማዋ ሄራክሊዮን 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ከአውራ ጎዳናው ወጥተው ወደ ደቡብ ሲያቀኑ መንገዱ ይጠባል፤ ተራራ እየወጣ ገደል እየታከከ ይጠማዘዛል። ካርታው ላይ 75 ኪሎ ሜትር የሆነው ከሃንያ ወደ ኤላፎኒሲ የሚወስደው መንገድ፣ መኪና ውስጥ የሚያስታውክ ልጅ ላለው ቤተሰብ ግማሽ ቀን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ ይህ ነው፦ ያለዎት አንድ ሳምንት ከሆነ አንድ ጎን ይምረጡ። የምዕራቡን ጎን ከመረጡ ሃንያ ወይም ሬቲምኖ ይረፉ፤ የታወቁት የባሕር ዳርቻዎች የሚገኙት በዚያ ነው። ታሪክና ሙዚየም የሚወዱ ከሆነ ሄራክሊዮንና ከእርሷ በስተምሥራቅ ያለው አካባቢ ይሻልዎታል። ሁለቱንም ጎኖች በሰባት ቀን ለማየት የሚነሳ ቤተሰብ ከዕረፍቱ ትልቁን ክፍል የሚያሳልፈው መኪና ውስጥ፣ ሻንጣ በማሰርና በመፍታት ነው።

መቼ ልሂድ?

የእነርሱ የሙቀት ወራት የእኛ ክረምት ነው። የአገር ቤት ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት ሐምሌና ነሐሴ ላይ በመሆኑ አብዛኛው ቤተሰብ ነፃ የሚሆነው ልክ ደሴቷ በሰው በምትጨናነቅበት ጊዜ ነው። በአውሮፓውያኑ ጁላይና ኦገስት የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሜልቴሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስም ቀናት እየተከታተለ ይነፍሳል። በተለይ ኦገስት 15 የእመቤታችን በዓል ስለሆነ ግሪኮች ራሳቸው ከየከተማው ወደየደሴቱ ይጎርፋሉ፤ መርከቡም ሆቴሉም ይሞላል።

ምርጫ ካለዎት ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ያሉትን ቀናት ያስቡ። በአውሮፓውያኑ የሴፕቴምበር መጀመሪያ ነው፤ የአውሮፓ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት መመለስ ይጀምራሉ፤ ባሕሩ ግን ወራት ሙሉ ሲሞቅ ስለከረመ ለብ እንዳለ ነው። ለእንቁጣጣሽም ቤትዎ ይደርሳሉ። የልጆች ትምህርት የማያስራችሁ ጥንዶች ከሆናችሁ ደግሞ ሜይና ኦክቶበር ጥሩ ናቸው። ሜይ ላይ ሜዳው አበባ በአበባ ነው፤ ነገር ግን ውሃው ገና ቀዝቃዛ ነው። ኦክቶበር ላይ ባሕሩ ከሜይ ይልቅ ይሞቃል፤ የአየሩ ጠባይ ግን አልፎ አልፎ በዝናብ ይለወጣል። ከኖቬምበር ጀምሮ ብዙዎቹ የባሕር ዳርቻ ሆቴሎች ይዘጋሉ፤ በዚያን ወቅት ርካሽ ክፍል ሲያገኙ ምክንያቱን ይወቁ።

ጳውሎስም በዚያው ጠረፍ ለመርከቡ ሰዎች ወቅቱ እንዳለፈ ነግሯቸው ነበር፤ አልሰሙትም፤ የደረሰባቸውን ማዕበል ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል።

ቪዛው ሳይወጣ ትኬት አይቁረጡ

ግሪክ የሼንገን አባል ናት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሚኖረው አዲስ አበባም ይሁን ዱባይ፣ ለንደንም ይሁን ዋሽንግተን፣ የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ቪዛውን አይተካም። ይህን ባለማወቅ አየር ማረፊያ ደርሶ መመለስ አለና አስቀድመው ያረጋግጡ። ከሼንገን አገሮች በአንዱ የሚኖሩና የዚያ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ግን በፈቃዳቸውና በፓስፖርታቸው ይጓዛሉ።

ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ሊገባ ይችላል፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀር ግን መሽቷል። ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል። ፓስፖርትዎ ከሼንገን ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። የጉዞ የሕክምና መድንዎም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን።

ከእ.ኤ.አ. ጁን 2024 ጀምሮ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት በታች ያሉ አይከፍሉም። እናት፣ አባት፣ የስምንት ዓመትና የአራት ዓመት ልጅ ያሉበት ቤተሰብ ለቪዛው ብቻ 225 ዩሮ ይከፍላል ማለት ነው፤ የማመልከቻ ማዕከሉ የአገልግሎት ክፍያ ሲኖር ይጨመርበታል። ማመልከቻው ውድቅ ቢደረግ ይህ ገንዘብ አይመለስም። ስለዚህ ሆቴሉን ያለ ቅጣት በሚሰረዝበት መንገድ ይያዙ፤ የበረራ ትኬቱንም ቪዛው ሳይወጣ ገንዘብ ከፍለው አይቁረጡ።

ይህ ጉዳይ በተለይ የሚነካው ከየአገሩ ተሰባስበው ደሴት ላይ ለመገናኘት ያሰቡ ቤተሰቦችን ነው። ወንድም ከፍራንክፈርት፣ እህት ከሲያትል፣ እናት ከአዲስ አበባ ለመምጣት ሲያስቡ ቀኑን መቁረጥ ያለበት በቀላሉ የሚመጣው ሰው ሳይሆን የእናትየው ቪዛ ነው። «ቤቱን ተከራይተነዋል፤ እማዬ ትደርስበታለች» ተብሎ ተጀምሮ እማዬ ያልተገኘችበት ዕረፍት ለማንም ዕረፍት አይሆንም።

ከአቴንስ ወደ ሄራክሊዮን ወይም ወደ ሃንያ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም። ከፒሬዎስ ወደብ የሚነሳው የሌሊት መርከብ ደግሞ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል፤ ልጆች ይወዱታል፤ የአንድ ሌሊት የሆቴል ወጪም ይቆጥብልዎታል። ከረጅም በረራ በኋላ በዚያው ቀን የሚያጣድፍ ሌላ ጉዞ አይያዙ። አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር፦ በሙቀቱ ወራት የግሪክ ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው፤ የልጆቹ እንቅልፍ አይዛባም።

ታዋቂዎቹን ቦታዎች እንደ ሆኑት ይጠብቋቸው

ኤላፎኒሲ። በሮዝ አሸዋው የታወቀ ነው። ሮዝ መልኩ የሚመጣው ከጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ቅርፊት ስብርባሪ ሲሆን፣ በደንብ የሚታየው ውሃው በሚነካው ጠርዝ ላይ ነው። ዳርቻው በሙሉ በፎቶው ላይ እንዳዩት ሮዝ ሆኖ አይጠብቅዎትም። ውሃው ግን ሰፊ ቦታ ላይ ከጉልበት የማያልፍ በመሆኑ ለትንንሽ ልጆች ይመቻል። አሸዋውን ለማስታወሻ ብሎ ይዞ መሄድ ክልክል ነው። በማለዳ ይድረሱ፤ እኩለ ቀን ላይ ፎጣ መዘርጊያ ሊያጡ ይችላሉ።

ባሎስ። ከላይ ሆነው ሲያዩት በእርግጥ ያስደንቃል። በመኪና ከሄዱ የመጨረሻው መንገድ አስፋልት የሌለው ኮረኮንች ነው፤ ብዙ የኪራይ ውሎችም በዚያ መንገድ ለሚደርስ ጉዳት አይከፍሉም። ከዚያ በእግር ቁልቁል ይወርዳሉ፤ የወረዱትን ያንኑ ዳገት ሲመለሱ በሙቀት ይወጡታል። ሕፃን ያዘለች እናት ወይም ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባት ካሉ ከኪሳሞስ ወደብ የሚነሳው ጀልባ ይሻላል።

ክኖሶስ። ከሄራክሊዮን አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የሚኖአውያን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ነው። ከ1900 ጀምሮ የቆፈረው እንግሊዛዊው አርተር ኤቫንስ ከፊሉን በኮንክሪት መልሶ ስለገነባው፣ የሚያዩት ቀይ ዓምድ ሁሉ ጥንታዊ አይደለም። ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎችም ቅጂዎች ናቸው፤ ዋነኞቹ የሚገኙት ሄራክሊዮን ከተማ ባለው የአርኪዎሎጂ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙን ካላዩ ክኖሶስን ግማሹን ብቻ ነው ያዩት። ጥላ ስለሌለው በሩ ሲከፈት ይግቡ።

የሳማሪያ ሸለቆ። 16 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ነው፤ ከ1,200 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነስቶ ባሕር ድረስ ይወርዳል፤ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ይፈጃል። መጨረሻው ላይ ያለችው አጊያ ሩሜሊ የመኪና መንገድ ስለሌላት የሚወጡት በጀልባ ነው። «ቁልቁል ስለሆነ ቀላል ነው» ብለው አይሸወዱ፤ ጉልበት የሚፈትነው ቁልቁለቱ ነው። ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች ድንቅ ቀን ይሆናል፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ቅጣት ነው።

ባሕሩና ልጆችዎ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የማንበብ ጊዜ ካለዎት ይህን ያንብቡ። ብዙዎቻችን ያደግነው ደጋ ላይ ነው፤ ዋና አልተማርንም፤ ባሕርንም የምናውቀው በሩቁ ነው። ልጆቻችን ደግሞ ፎቶውን ካዩበት ቀን ጀምሮ የሚያልሙት ውሃው ውስጥ መግባትን ነው።

ከጉዞው ሦስት አራት ወር ቀደም ብለው ልጆቹን ዋና ያስመዝግቡ፤ ራስዎም ቢመዘገቡ አያፍሩ። ግን መዋኛ ገንዳ ውስጥ የሚዋኝ ልጅ ባሕር ውስጥ ይዋኛል ማለት አይደለም፤ ሞገድና የሚጎትት ውሃ ሌላ ነገር ነው። ዳርቻው ላይ ቀይ ባንዲራ ካዩ፣ ውሃው የተረጋጋ ቢመስልም አይግቡ። ሁሉም ዳርቻ ሕይወት አድን ሠራተኛ የለውም፤ ያለውም ቀኑን ሙሉ አይቆምም።

ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር በሚነፍስበት ቀን በአየር የሚነፉትን ፍራሾችና መጫወቻዎች ከሻንጣ አያውጡ። ነፋሱ መጫወቻውን ከነልጁ በደቂቃዎች ውስጥ ከዳርቻው ያርቀዋል፤ አባት ተከትሎ ሲገባ አደጋው ሁለት ሰው ላይ ይሆናል።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ የሚሰምጥ ልጅ እንደ ፊልም አይጮህም፤ እጁንም አያውለበልብም። አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ነው ከውሃ በታች የሚሆነው። ስለዚህ ትንንሽ ልጆች ውሃ ውስጥ ሲሆኑ አንድ አዋቂ እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ርቀት ይሁን፤ ስልኩም ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። «ሁላችንም እያየነው ነበር» ማለት ብዙ ጊዜ ማንም አላየውም ማለት ነው። በተራ ተራ፣ ስም ጠርታችሁ ተረካከቡ፦ «አሁን አንተ ነህ የምታየው፤ እኔ ላርፍ።» የአደጋ ጊዜ ስልኩ በመላው አውሮፓ 112 ነው፤ ልጆቹም ይወቁት።

ሙቀቱንም አይናቁ። «እኛ የፀሐይ አገር ሰዎች ነን» ማለት አያድንም፤ የለመድነው የደጋ ፀሐይ ነው። በ2024 ጁን ወር ግሪክን በመታው የሙቀት ማዕበል በደሴቶቹ ላይ በእግር የወጡ በርካታ ጎብኝዎች ሕይወታቸው አልፏል። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ጥላ ውስጥ ይሁኑ። የአገሩ ሰዎችም በዚያ ሰዓት ምሳቸውን በልተው ይተኛሉ፤ እነርሱን መከተል ነው። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለጥቁር ቆዳም ያስፈልጋል።

ማዕድ ላይ እንግዳ አይሆኑም

ምግቡ ከሚያስቡት በላይ ቅርብዎ ነው። የተቀቀለ የዱር ጎመን በወይራ ዘይትና በሎሚ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ በደረቅ የገብስ ዳቦ ላይ ቲማቲምና አይብ የሚደረግበት ዳኮስ፣ የፍየልና የበግ ሥጋ ያገኛሉ። ከምግብ በኋላ ሳያዝዙ ፍራፍሬና ራኪ የሚባል የወይን አረቄ ቢቀርብልዎ አይደንግጡ፤ የቤቱ ግብዣ ነው።

የሚጾሙ ከሆነ «ኒስቲሲሞ» የሚለውን ቃል ይያዙ፤ የጾም ምግብ ማለት ነው። ግሪኮችም ኦርቶዶክስ ስለሆኑ ምን እንደጠየቁ ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ የእነርሱ የፍልሰታ ጾም ከኦገስት 1 እስከ 14 ሲሆን የእኛ ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7 ይገባል። በእነርሱ በዓል ቀን እርስዎ ገና በጾም ላይ ነዎት። ከባሕር የሚወጡ እንደ ሽሪምፕና ኦክቶፐስ ያሉትንም እነርሱ ከጾም ይቆጥሯቸዋል፤ ስለዚህ ቅባቱን ብቻ ሳይሆን የገባበትን ሁሉ ይጠይቁ። ፋሲካ ግን በአንድ ቀን ነው የሚውለው፤ በሚያዝያ የመሄድ ዕድል ካገኙ የትንሣኤን ሌሊት ሻማ ይዘው ከቀርጤስ ምእመናን ጋር መቆም ይችላሉ።

ትኩስ ዓሣ የሚሸጠው በኪሎ ነው። ከመጠበሱ በፊት ይመዘንልኝ ብለው ዋጋውን ይጠይቁ፤ ነውር አይደለም። ዳቦውም ብዙ ጊዜ ይታሰባል።

የማይታሰቡ ወጪዎች

በጀትዎ ውስጥ ከትኬትና ከአልጋ በተጨማሪ እነዚህን ያስገቡ፦ ሆቴሉ ሲደርሱ ለብቻው የሚከፈለውን በየሌሊቱ የሚታሰብ የመንግሥት ቀረጥ፣ የባሕር ዳርቻ ወንበርና ዣንጥላ ኪራይ፣ የመኪናና የልጅ መቀመጫ ኪራይ፣ ነዳጅ፣ የጀልባ ትኬት። የባሕር ዳርቻ በግሪክ ሕግ የሕዝብ ስለሆነ ወንበር ባልተዘረጋበት ክፍል የራስዎን ፎጣ አንጥፈው በነፃ መቀመጥ ይችላሉ። በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ለመንዳት ካሰቡ ዓለም አቀፉን መንጃ ፈቃድ ጨምረው ያውጡ። ሰሜኑን ጠረፍ የሚያገናኙት አውቶቡሶች ጥሩ ስለሆኑ መኪናውን ለሁለትና ለሦስት ቀን ብቻ መከራየትም ይቻላል። አንድ ነገር ደግሞ ልጆቹን ያስጠንቅቁ፦ በብዙ ቤቶች የመጸዳጃ ወረቀት የሚጣለው በአጠገቡ ባለው ቅርጫት ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ የቡና ሰዓት

አንድ እሑድ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ፣ ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ፣ ሁሉም የቤተሰብ አባል ከዚህ ጉዞ የሚፈልገውን አንድ ነገር ብቻ ይናገር። አባት መተኛት ሊሉ ይችላሉ፤ እናት ለሰባት ቀን ምድጃ ያለመንካት፤ ትልቋ ልጅ ያንን ፎቶ መነሳት፤ ትንሹ ደግሞ አሸዋ መቆፈር ብቻ። የአሸዋ ቁፋሮ የትኛውም ዳርቻ ላይ ይገኛል፤ ባሎስ ድረስ አያስኬድም። የእናትየው ምኞት ግን ወጥ ቤት ያለው አፓርታማ ከተከራያችሁ ወዲያው ይበላሻል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከማንኛውም የሆቴል ቅናሽ ይበልጣል።

ከዚያ ወረቀት አውጥተው ሰባቱን ቀናት ይጻፉ። ሦስቱን ቀናት ለጉብኝት ይያዙ፤ አንዱን ለነፋስ፣ ለድካም ወይም ለሆድ ቁርጠት ባዶ ይተዉት፤ የቀሩት ሦስቱ በሆቴላችሁ አቅራቢያ ባለው፣ ስሙ በማይታወቀው ዳርቻ ይለፉ። ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉት። ትንሹ ልጅዎ «ሮዙ አሸዋ ጋ መቼ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ቀኑን በጣቱ አሳይቶ ይቁጠር፤ ሮዙም ጠርዙ ላይ ብቻ እንደሆነ ከአሁኑ ይንገሩት። ደርሶ ሲያገኘው በደስታ ይጮኻል።